ሰጠሁት ወይስ ሸጠሁት?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ለሐሜት ነው። ሰው ስለራሱ የሚወራውን የሚሰማው ሰፈሩ ሁሉ ከሰማው በኋላ ነውና። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገው የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን ተረቱን በሌላ በኩል ቀመሰው። ጆሮው እየደከመ መሆኑን እናቱ አውቀዋል፣ የስራ ባልደረባው አውቋል፣ «ወንድም፣ ሂሳብ!» እያሉ ሦስት ጊዜ ትከሻውን የሚነኩት የታክሲ ረዳቶችም አውቀዋል። መጨረሻ ላይ ያወቀው እሱ ነው።

ያወቀውም በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ባምቢስ አካባቢ በሚሰራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጦ ሳለ እናቱ ደወሉ። ኢርፎኑን ነቅሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«የአባትህን ቴፕ ለዚያ ልጅ ሰጠሁት» አሉት።

እሱ የሰማው «ሸጠሁት» የሚል ነው።

አባቱ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቴፑ ካሴት የሚያጫውት፣ ሬዲዮ ያለው፣ ከካዛንቺሱ ቤት ወደ ገላን ጉራ ሲዛወሩ በጭነት መኪናው ላይ ሳይሆን በእቅፍ የሄደ ዕቃ ነው።

«ሳትነግሪኝ? በስንት?»

«ምን በስንት አለው? ሰጠሁት እኮ ነው የምልህ!»

አሁንም «ሸጠሁት» ሰማ። «ምን አጉድዬብሽ ነው እማዬ፣ ያባቴን ዕቃ የምትሸጪው?» አለና ዘጋው።

ማታ ቤት ሲገባ ቴፑ በነጠላ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ቡና አላፈሉም። «ያውልህ» አሉት ወደ ዕቃው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ሸጠች ከምባል ብዬ ሄጄ አመጣሁት። ዕቃ ስናወርድ ቀኑን ሙሉ የተሸከመልንን ልጅ፣ የሰጠሁትን መልስ አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ የሰጠሁትን መልሼ ተቀበልኩ።»

ልጁ የሚለው ጠፋው። «ሸጠሁት ያልሽኝ መስሎኝ…»

«እኔማ ያልኩትን አውቃለሁ። አንተ ነህ የማትሰማው። ስጠራህ ሦስቴ ነው። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምትከፍተው። ጆሮህን ታይ ልጄ።»

ነውሩ ከጆሮው በላይ አሳመመው። ያን ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሲገላበጥ፣ ከወራት በፊት ወደ አዲሱ ሰፈር ከመጡ ጀምሮ ሌት ሌት የሚሰማውን ድምፅ አስተዋለው። ቀጭን፣ የማያቋርጥ «ጢዝዝ» ነው። እስከዚያች ሌሊት ድረስ የመብራት ገመድ ድምፅ ይመስለው ነበር። ተነስቶ ቆጣሪውን አጠፋው። ድምፁ አልጠፋም። ካዛንቺስ ሌሊቱ ዝም ብሎ ስለማያውቅ የጆሮውን ጩኸት ሸፍኖለት ኖሯል። ገላን ጉራ ጸጥ ሲል ገመናው ወጣ።

•••

የጆሮ ምርመራ የሚደረግባት ክፍል ጠባብ ናት፤ በሩ ሲዘጋ ዓለም የተቋረጠ ይመስላል። ትልቅ ሄድሴት ያጠልቁበታል፣ ቁልፍ ያስይዙታል፣ ትንሿን ድምፅ በሰማ ቁጥር እንዲጫን ይነግሩታል። ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ ሰማ። ቀጫጭኖቹ ሲመጡ ግን ቁልፉ ላይ ያለው ጣቱ ዝም ብሎ ቆየ። በወረቀቱ ላይ የተሰመረው መስመር ደልደል ብሎ ሄዶ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ እንደ ጉድጓድ ይሰምጥና ትንሽ መልሶ ይወጣል።

«ይቺን ጉድጓድ አየሃት?» አለችው ሐኪሟ። «ይቺ የዕድሜ አይደለችም። የጩኸት ናት። ፋብሪካ ነው የምትሰራው?»

«ኧረ አይደለም ዶክተር። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።»

«ኢርፎን በቀን ስንት ሰዓት ታደርጋለህ?»

እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚጀምረው፤ ከሒሳቡ በፊት ግን ጆሮ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል።

ድምፅ የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ ታምቡሩ ትንንሾቹን አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ቀንድ አውጣ ወደሚመስለውና ፈሳሽ ወደያዘው የውስጥ ጆሮ ንዝረቱን ያስተላልፋሉ። በዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ እንደተረገጠ ሳር ይተኛሉ። አንድ ቀን ቢረገጡ ያድራሉና ይነሳሉ። ሰርግ አምሽቶ የገባ ሰው ጆሮው ታፍኖ አድሮ በማግስቱ የሚከፈትለት ለዚህ ነው። በየቀኑ የሚረገጥ ሳር ግን መንገድ ይሆናል። የሞተው ህዋስ አይተካም። ዶሮ እንኳ ህዋሷ ሲጎዳ መልሳ ታበቅላለች። ሰው አያበቅልም።

ከሁሉ ቀድመው የሚሞቱት ደግሞ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ጉዳቱን ተንኮለኛ የሚያደርገውም ይህ ነው። የሰው ድምፅ፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሙዚቃው ከበሮ ሁሉ ይሰማል። የሚጠፋው ፊደሉ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የሚባሉት ፊደላት በከንፈርና በጥርስ መካከል የሚያልፉ የትንፋሽ ድምፆች ስለሆኑ ጉልበታቸው ያለው በቀጭኑ በኩል ነው። ስለዚህ ጆሮው የደከመ ሰው «አልሰማሁህም» አይልም፤ «ምን አልከኝ?» ነው የሚለው። መናገርህን ሰምቷል፣ ያልከውን ግን አልለየም። ስልክ ራሱ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ስለሚያስተላልፍ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአማርኛ በመስጠትና በመሸጥ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የትንፋሽ ድምፅ ናት። ያቺን የጣለ ጆሮ ከእናት ጋር ያጣላል።

•••

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ህብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ለስልክና ለሙዚቃ ማጫወቻ ይፋ ያደረጉት ደረጃ ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል። ለልጆች ዝቅ ይላል፤ 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት።

ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ አይቆጠርም። በ3 ዴሲቤል ከፍ ሲል ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በእጥፍ ያድጋል፤ የተፈቀደው ጊዜ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። 80 ላይ 40 ሰዓት የነበረው 83 ላይ 20 ሰዓት ነው። 90 ላይ 4 ሰዓት። 95 ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ። 100 ላይ 20 ደቂቃ ብቻ። ይህ ሁሉ የሳምንት ነው፣ የቀን አይደለም። ጣት አንዴ ቁልፉን ተጫን አድርጎ የሚያልፈው ነገር ሰዓታትን ይበላል።

ልጁ ካዛንቺስ እያለ ከቤቱ እስከ ስራው አስር ደቂቃ በእግር ነበር። ኢርፎን ቢያደርግ እንኳ አንድ ሁለት ዘፈን ሳያልቅ ይደርሳል። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን ታክሲና አውቶብስ እየቀያየረ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ይጓዛል። በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ 18 ሰዓት።

«ድምፁን ስንት ላይ ታደርገዋለህ?» አለችው ሐኪሟ።

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ከ15 እርከን 13ኛው ላይ ነው። አውቶብሱ ሲጮህ 14።

«90 ዴሲቤል ነው እንበል» አለችው። «ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የተፈቀደልህ 4 ሰዓት ነው። አንተ 18 ትሰማለህ። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። 80 ላይ ብታደርገው ኖሮ ግን ያንኑ 18 ሰዓት ሰምተህ ገና 22 ይተርፍህ ነበር።»

ይህ ነገር የእሱ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉ ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ድምፅ አብዝቶ በመስማት ልማድ የተነሳ ለጉዳት ተጋልጠዋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርቱም በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር እንደሚኖርበት ገምቷል። የጆሮ ባለሙያ፣ የመስሚያ መሣሪያና መሣሪያውን የሚጠግን ሰው እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ጉዳቱ ከመጣ በኋላ የሚደረገው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው አስቀድሞ መጠንቀቁ ነው።

•••

ግን 13ን ማን መረጠው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እሱ ነዋ! ጣቱ፣ ስልኩ፣ ጆሮው። ነገሩን ደግመን ስናየው ግን የድምፁን ልክ የመረጠው ልጁ ሳይሆን መንገዱ ነው። ማንም ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ድምፁን የሚያስተካክለው ከውጭው ጫጫታ በላይ እስኪሰማለት ድረስ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ 5ኛው እርከን ይበቃል። አውቶብስ ውስጥ ሞተሩ፣ የረዳቱ ጥሪ፣ የሾፌሩ ሬዲዮ፣ ሦስት ሰው በስልክ የሚያወራው ሲደመር 5ኛው እርከን ይሰጥማል። ጣት ወደ ላይ ትሄዳለች። ጆሮ ደግሞ ይለምዳል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 13 እንደ ልኩ ይቆጠራል።

ካዛንቺስ ደግሞ ድሮም ቢሆን ዝምተኛ ሰፈር አልነበረም። ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግስት ሰራተኞቹ ካሰራቸው ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የአዝማሪ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱ፣ የሌሊቱ ጥብስ ሰፈር ሆኖ ኖረ። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ድምፅ ግን አሁን ከምናወራው የተለየ ነበር። ማሲንቆ ሽቦ አይፈልግም። አዝማሪው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ሲገጥም ሰው ያጎነብሳል፣ ጎረቤቱን «ዝም በል እስቲ!» ይላል፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያገኝ ጆሮውን ያሾላል። ያልሰማ ሰው ሲስቁ ይስቅና ማታ ቤቱ ሲገባ «ምን ብሎኝ ነው ግን?» ይላል። ሰምና ወርቅ በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት የሚለወጥ ነገር ነውና ደህና ጆሮ ይጠይቃል። በዳንሰኛው መላኩ በላይ እጅ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያደገው ፈንድቃ የዚያ ልማድ ስመ ጥር ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ የፈንድቃም ቤት አብሮ ፈረሰ።

ልጁ የሚሰራበት ቤት ሳይፈርስ ከቀሩት አንዱ ነው። በእነዚያ ወራት ከፎቶ ኮፒው ማሽን ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ እስካቫተር ይቆፍራል፣ ዶዘር ይገፋል፣ ሲሚንቶ የሚሰብረው ማሽን መሬቱን ያንቀጠቅጣል። የሚፈርሰው የሱ ሰፈር ነው። እዚያ ማዶ ያለው ፍርስራሽ የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤት ነበር። ኢርፎኑን ጆሮው ውስጥ ከቶ ድምፁን ወደ ላይ የገፋው ያኔ ነው። ሙዚቃ አምሮት አልነበረም፤ መስማት አልፈለገም።

ይህን ሳያነሱ «ድምፅ ቀንሱ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ኢርፎን ለብዙ ሰው የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ሰው ከሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት በሚነካካበት አውቶብስ ውስጥ የግል ክፍል የሚባለው ነገር ያ ብቻ ነው። ልጁም በመንገዱ የሚሰማው አባቱ በዚያ ቴፕ ያጫውቷቸው የነበሩትን የድሮ ዘፈኖች ነው። ሦስት ሰዓቱን ካዛንቺስ ውስጥ ሆኖ ይጓዛል። ክፍሉ ይኑር፤ ግድግዳው ግን ከጩኸት ሊሰራ አይገባውም።

ከተማዋም ድርሻ አላት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮ ለድምፅ ጣሪያ እንዲወጣ ያዛል። በወጣው ደረጃ መሰረት መኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ የንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55፤ የኢንዱስትሪ አካባቢ ቀን 75፣ ሌሊት 70። ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚያወራው ወሬ ራሱ 60 ገደማ ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከኦሎምፒያ እስከ ኡራኤል በስራ ሰዓት የሄደ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው 65 እና ጆሮው ላይ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። ጓደኛው አጠገቡ ሆኖ ሲጮህበት ይበቃዋል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ሰው ግን በላዩ ሲሄድ ሊያወራበትም ይገባል። የከተማ ውበት በዓይን ብቻ ከተለካ ጆሮ ተረስቷል ማለት ነው።

•••

እዚያው ካዛንቺስ አጠገብ፣ የተባበሩት መንግስታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ፣ እንጀራቸው በጆሮ ማዳመጫ የሆነ ሰዎች አሉ፤ አስተርጓሚዎቹ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በተመሰረተበት በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሌላውን ቋንቋ እየሰሙ በራስ ቋንቋ መናገር ምን እንደሚጠይቅ ማሰብ ነው። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሄድሴት አድርጎ ሊውል ይችላል። ድምፅ ከፍ ቢያደርግ የሚጎዳው መዝናኛው አይደለም፤ መተዳደሪያው ነው።

ስለዚህ የሙያው ወግ አስተማሪ ነው። ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀያየራሉ። የራሳቸውን ድምፅ መስማት ስላለባቸው ብዙዎቹ ሄድሴቱን ከአንድ ጆሯቸው ገለል ያደርጉታል። የተናጋሪውን ድምፅ ከፍ በማድረግ ሳይሆን ጥራት ባለው ማይክና ጸጥ ባለ ክፍል ነው የሚሰሙት። ክፍሏ የተዘጋችው ለዚህ ነው። በአጭሩ፣ ጆሮን የሚያውቁ ሰዎች ለመስማት ሲፈልጉ ጫጫታውን ይቀንሳሉ እንጂ ድምፁን አይጨምሩም።

ሐኪሟ ለልጁ ያዘዘችለትም ይህንኑ ነው። መድኃኒት አልጻፈችም። «የሞተውን አላስነሳልህም፤ የቀረውን ጠብቅ» ብላ እንዲህ አለችው።

ማታ ቤትህ ጸጥ ሲል ተቀመጥ። ድምፁን ዜሮ አድርገህ ጀምር። ግጥሙ ተለይቶ እስኪሰማህ ድረስ አንድ አንድ እርከን ጨምር። ሲለይልህ አቁም። ያቺ እርከን ያንተ ልክ ናት። ከስልኩ አቅም ከ60 በመቶ መብለጥ የለባትም፤ 15 እርከን ያለው ስልክ ላይ 9 ማለት ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። የአንዱ ስልክ 9 ከሌላው ስልክ 9 እኩል ስላልሆነ የሰው ቁጥር አትዋስ። ስልክና ኢርፎን በቀየርክ ቁጥር ደግመህ ለካ።

መንገድ ስትወጣ ልክህን ይዘህ ውጣ። ካልተሰማህ መንገዱ ከልክ በላይ ጮኋል ማለት ነውና ዝጋው እንጂ አትጨምረው። የግድ አውቶብስ ውስጥ መስማት ካለብህ ጆሮን በደንብ የሚገጥም፣ ሲሊኮን ጫፍ ያለውን ግዛ። ጫጫታውን በከለከለ መጠን ድምፁን ዝቅ ታደርጋለህ። ጫጫታ የሚያጠፋውን ዓይነት መግዛት ከቻልክ እሰየው። እሱን አድርገህ ግን አስፋልት አትሻገር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና በዝቷል፤ ሲመጣ አይሰማም።

በየሰዓቱ ትንሽ አሳርፈው። ተኝተህ ጆሮህ ውስጥ አትተወው። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ያንተን ዘፈን ከሰማ፣ ወይም አንተ በክንድ ርቀት ያለ ሰው የሚልህን ካልሰማህ፣ ወይም ነቅለህ ስታበቃ ጆሮህ ከጮኸ፣ ያለፈውን አልፈሃል።

«መዝሙርም ቢሆን?» አላት እየሳቀ።

«ጆሮ ዘፈንና መዝሙር አይለይም። የኳስ ወሬም፣ ትረካም፣ ስብከትም ሒሳቡ አንድ ነው።»

ስልኩ አንዳንዴ ድምፅ ሲጨምር «ይህ መጠን ጆሮዎን ሊጎዳ ይችላል» የሚል ጽሑፍ ያወጣበት ነበር። የአውሮፓ ደረጃ አምራቾችን ሰሚው 85 ዴሲቤል ሲያልፍ እንዲያስጠነቅቁና ፈቃዱን እንዲጠይቁ ያስገድዳል። ከ20 ሰዓት በኋላ ደግሞ ደግመው እንዲጠይቁ። እሱ ያን ጽሑፍ እንደ ማስታወቂያ እየቆጠረ «እሺ» ብሎ ያልፈው ነበር። ስንት ጊዜ «እሺ» እንዳለ ሲያስበው የራሱን ጆሮ በፊርማው ያስረከበ መሰለው።

•••

ያን ማታ እንደተባለው አደረገ። ገላን ጉራ ጸጥ ብሏል። ጢዝታው አለ፤ አሁን ስሙን ያውቀዋል። ዘፈኑን ከዜሮ ጀምሮ ከፍ አደረገ። 4 ላይ ክራሩ መጣ። 6 ላይ ድምፁ። 7 ላይ ግጥሙ ተለየ። በ13 ለወራት ሲሰማው ከርሞ ልብ ያላላት፣ ዘፋኙ ከስንኙ በፊት የምትስባት ትንፋሽ 7 ላይ ተሰማችው። ትደርስበት ይሆናል ብሎ ያሰበው ነገር አልነበረም። ቁጥሩን በስክሪብቶ ጽፎ የስልኩ ሽፋን ውስጥ ከተታት።

የመጀመሪያዋ ሳምንት ከበደችው። 7 አውቶብስ ውስጥ አይሰማም። ብዙ ጊዜ ዘጋው። በተዘጋው ጊዜ የሰው ወሬ ሰማ። ከገላን ጉራ ወደ መሀል ከተማ ከሚመላለሰው ሰው ስንቱ የካዛንቺስ ልጅ እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው። አንዷ ሴትዮ የዱሮ ሱቃቸውን ደንበኞች በስም እየጠሩ ያማሉ። ከኋላ ያሉት ሁለት ጎረምሶች የፈረሰችዋን የኳስ ሜዳ ጎሎች ቆጥረው አልጨረሱም። ሰፈሩን በኢርፎን ውስጥ ሲፈልገው በአንድ አውቶብስ አብሮት ሲመላለስ ኖሯል።

እሁድ ጠዋት ቴፑን አንስቶ እናቱን «ነይ እንሂድ» አላቸው።

«የት?»

«መልሰን እንስጠው።»

ልጁ ቤት ቡና ደርሷል። የልጁ አያት ሁለቱን ከነቴፑ ሲያዩ ብድግ አሉ። «ኧረ ተዉት! ምን ሆናችሁ፣ ያባቱ ዕቃ ነው አይደል?»

«ያባቴ ነበር እማማ» አላቸው። «አሁን የልጁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ጆሮ ነው።»

ልጁ ሳያስደግም ሶኬቱን ሰካ፣ ካሴት ከተተ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞረው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እናትየው ጆሯቸውን ያዙ።

እሱ ጎንበስ ብሎ መዞሪያውን ቀስ እያደረገ ወደ ኋላ መለሰው። ዘፈኑ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ግጥሙ ተለየ። እዚያ ላይ አቆመው።

«ይሰማሃል?» አለው ልጁን።

«ይሰማል ጋሼ።»

ከበስተጀርባው እናቱ አንድ ነገር አሉ። ዞር ብሎ ከንፈራቸውን አየና «ምን አልሽኝ እማዬ?» አለ።

«ቡናው ደረሰ፣ ና ተቀመጥ ነው ያልኩህ» አሉት፤ እንደ ድሮው ሳይቆጡ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ።